ወለሉን ማን ይወስናል? የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ዝቅተኛ ስሪት አመራረጥ ከሶፍትዌር ፍተሻ አንጻር

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ዕለት አንድ ባልደረባዬ፣ «በአንድ ፋይል ውስጥ በአንድ መስመር ስለሚጻፍ ቁጥር አንድ ሰዓት ሙሉ ምን ይነገራል?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው አግባብነት አለው። እኔም ራሴ ይህን ቁጥር ሳስተምርም ሆነ ሶፍትዌር ስሠራ ለብዙ ዓመታት እንደ ተራ ነገር ስጽፈው ኖሬአለሁ። ብዙ ጊዜ የምጽፈው በዚያን ዕለት በላፕቶፔ ላይ ተጭኖ የነበረውን ስሪት ነው። ስሪት ስል በተለምዶ ቨርዥን የምንለውን ማለቴ ነው። ሐሳቤን ያስለወጠኝ መጽሐፍ ወይም ጉባኤ ሳይሆን በአንዲት ተማሪዬ ላይ የፈጸምኩት ስሕተት ነው። ስለዚህ ንግግሬን ከዚያ እጀምራለሁ።

የስሕተቱ ታሪክ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አስተምረው በነበረ ትምህርት ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ሥራው በግእዝ ፊደል ከሚጻፉ የሀገራችን ቋንቋዎች አንዱን መርጦ፣ በዚያ ቋንቋ የተጻፈን ጽሑፍ ወደ ቃላት የሚከፋፍልና የእያንዳንዱን ቃል ድግግሞሽ የሚቆጥር ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ መጻፍ ነበር። ከፕሮግራሙ ጋር ትክክለኛነቱን የሚያረጋግጡ ፍተሻዎችም እንዲቀርቡ አዝዤ ነበር። የቀረበውን ሥራ በሰርቨር ላይ የተጫነ አራሚ ፕሮግራም ተቀብሎ ፍተሻዎቹን ያስኬዳል፤ ካለፉ ነጥብ ይሰጣል፤ ከወደቁ ይቀንሳል።

ከተማሪዎቼ አንዷ የእናቷን ቋንቋ ጉራጊኛን መረጠች። ሥራዋ በጥንቃቄ የተሠራ ነበር፤ አራሚው ፕሮግራም ግን ፍተሻዎቿ መውደቃቸውን መዘገበ። ወደ ቢሮዬ መጥታ፣ «መምህር፣ ኮዱ ትክክል ነው፤ እኔ ዘንድ ሁሉም ያልፋል» አለችኝ። እኔም መምህራን ዘወትር የምንመልሰውን መለስኩላት፤ «አንቺ ዘንድ መሥራቱ ማስረጃ አይሆንም» አልኳት። ውጤቷ እንዳለ ጸና።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። በዚህ ጊዜ ሁለት ወረቀት ይዛለች። በአንዱ ላይ በላፕቶፗ የወጣው ውጤት፣ በሌላው ላይ ከሰርቨሩ የወጣው ውጤት ታትሟል። ኮዱ አንድ ነው፤ ጽሑፉም አንድ ነው። በላፕቶፗ ላይ አንድ የነበረው ቃል በሰርቨሩ ላይ ለሁለት ተሰንጥቋል። ከዚያም እስከ ዛሬ የማልረሳውን ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «መምህር፣ ፈተናው የፈተነው የእኔን ሥራ ነው ወይስ የሰርቨሩን ዕድሜ?»

ቃሉ ለምን ተሰነጠቀ?

መልሱን ለማግኘት አንድ ቀን ሙሉ ወሰደብኝ። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በአንድ ጊዜ አይደለም። ዋናው ገበታ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2010 ተጨማሪ ፊደላት ተካተቱ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በወጣው ዩኒኮድ 14.0 ለጉራጌ ቋንቋዎች ጽሕፈት የሚያገለግሉ 28 ፊደላት «ኢትዮፒክ ኤክስቴንድድ ቢ» በተባለው ክፍል ገቡ።

ፓይተን ደግሞ የዩኒኮድን ሰንጠረዥ በሆዱ ይዞ የሚዞር ቋንቋ ነው። እያንዳንዱ ስሪት በወጣበት ዘመን የነበረውን ሰንጠረዥ ይዞ ይቀራል። ፓይተን 3.10 እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ማለትም ከዩኒኮድ 14.0 ጥቂት ሳምንታት በኋላ ቢወጣም የያዘው ዩኒኮድ 13.0ን ነው። ዩኒኮድ 14.0 የተካተተው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 በወጣው ፓይተን 3.11 ውስጥ ነው። በመሆኑም ከእነዚያ 28 ምልክቶች አንዱን አቅርባችሁ «ይህ ፊደል ነውን?» ብትሉት፣ 3.11 «አዎን» ሲል 3.10 «አይደለም» ይላል። ቃላትን ለመፈለግ የምንጠቀምባቸው የጽሑፍ ቅጦችም የሚያርፉት በዚሁ ሰንጠረዥ ላይ ስለሆነ እንዲሁ ይለያያሉ።

የተማሪዬ ላፕቶፕ 3.11 ነበረው። ሰርቨሩ ኡቡንቱ 22.04 ሲሆን ከእርሱ ጋር የሚመጣው ፓይተን 3.10 ነው። ፊደሉን ያላወቀው ሰርቨር በቃሉ መካከል እንግዳ ምልክት እንደ ገባ ቆጥሮ ቃሉን ቆረጠው። የስሕተት መልእክት አላሳየም፤ ማስጠንቀቂያም አልሰጠም። በትምህርቱ መመሪያ ውስጥ ደግሞ «ከዚህ ስሪት ጀምሮ» የሚል ቃል አልነበረም። ያንን መጻፍ የእኔ ድርሻ ነበር።

ዝቅተኛ ስሪት ማለት ምን ማለት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አንድ ሶፍትዌር «ዝቅተኛው ስሪት 3.10 ነው» ሲል ለተጠቃሚው ቃል እየገባ ነው፤ ይኸውም «3.10 ካለህ ይሠራልሃል» የሚል ነው። ቃሉ የሚጸናው በዚያ ስሪት ላይ ፍተሻ ተካሂዶ ካለፈ ብቻ ነው። በ3.12 ላይ ብቻ የተፈተሸ ሶፍትዌር በ3.8 ይሠራል ብሎ መጻፍ ተስፋን እንደ እውነት ማቅረብ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ፍተሻዎቻችን የተጻፉበት ስሪት ከሶፍትዌሩ ስሪት ከፍ ካለ፣ ሳናውቀው የሶፍትዌሩን ወለልም ከፍ አድርገነዋል። ምክንያቱም ፍተሻው ሊደርስበት በማይችል ስሪት ላይ ሶፍትዌሩ መሥራቱን የሚመሰክር የለም። ስለዚህ ዝቅተኛውን ስሪት ስንመርጥ፣ «ኮዱ ምን ይፈልጋል?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ፍተሻው ምን ይፈልጋል?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። ፍተሻ በስሪት ላይ የሚደገፍባቸውን ሦስት መንገዶች በፓይተን ምሳሌነት ላሳያችሁ።

አንደኛው ቋንቋው ራሱ የሚያቀርበው የፍተሻ መሣሪያ ነው። በእውነተኛው አካል ፋንታ ተተኪ አቁሞ መፈተሽ የሚያስችለው መሣሪያ ወደ መደበኛው ላይብረሪ የገባው እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው 3.3 ነው። አሲንክሮነስ የሆኑ ተግባራትን በቀጥታ ለመፈተሽ የሚያስችለው ድጋፍ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2019 በ3.8 ነው። ፕሮግራሙ ምንም የሎግ መልእክት አለመጻፉን የሚያረጋግጠው ፍተሻ በ3.10 ተጨመረ። ወደ ላይ ስንወጣም መሰናክል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው 3.12 ለረጅም ጊዜ ሲያስጠነቅቅባቸው የነበሩ የፍተሻ ተግባራትን አሮጌ ስሞች አስወግዷል። በእነዚያ ስሞች የተጻፈ ፍተሻ፣ ሶፍትዌሩ ምንም ሳይሆን በ3.12 ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ከውጭ የምናመጣው መሣሪያ ነው። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ፓይቴስት ዕድሜያቸው ያለቀ ስሪቶችን እየተወ ይሄዳል። በ7.1 ፓይተን 3.6ን፣ በ8.0 ፓይተን 3.7ን፣ በ8.4 ደግሞ ፓይተን 3.8ን ትቷል። ስለዚህ የእኛ ኮድ በ3.8 ቢሠራ እንኳ፣ የቅርቡን ፓይቴስት እንጠቀማለን ካልን በ3.8 ላይ ፍተሻ ማካሄድ አንችልም። ወይ አሮጌውን ፓይቴስት መያዝ፣ ወይ ወለሉን ማንሣት ግድ ይላል።

ሦስተኛውና አደገኛው ዝምተኛው ለውጥ ነው። ከላይ የነገርኳችሁ የፊደል ሰንጠረዥ የዚህ ምሳሌ ነው። ሌላም ልጨምር። በፓይተን መዝገበ ቃላት የምንለው የመረጃ ዓይነት ይዘቱን በገባበት ቅደም ተከተል ጠብቆ እንደሚያቆይ የቋንቋው ደንብ ሆኖ የታወጀው በ3.7 ነው። በቅደም ተከተሉ ተማምኖ የተጻፈ ፍተሻ ከዚያ በፊት ባሉት አንዳንድ ስሪቶች አንድ ጊዜ ሊያልፍ፣ ሌላ ጊዜ ሊወድቅ ይችላል። የጎደለ መሣሪያ ወዲያው ይጮኻል፤ ዝምተኛው ለውጥ ግን በሁለቱ ስሪቶች ላይ ጎን ለጎን ካልተፈተሸ አይታይም።

ሁለቱ ጽንፎች

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው ወገን «አዲሱን ስሪት ብቻ ያዙ፤ ያረጀውን ተዉት» ይላል። ሌላው «የሚቻለውን ያህል ዝቅ በሉ፤ ማንንም አታስቀሩ» ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው።

የመጀመሪያው ወገን ማስረጃ ሩቅ አይደለም። ፓይተን 3.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 ሲሆን የፓይተን 2.7 ድጋፍ ያበቃው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2020 ነው። በእነዚያ ከዐሥራ አንድ በላይ ዓመታት ስንት ፕሮጀክት ሁለቱንም ተሸክሞ ኖሯል! እያንዳንዱ ፍተሻ ሁለት ጊዜ መካሄድ፣ የሁለቱን ልዩነት የሚሸፍን ኮድ መጻፍ፣ ያም ኮድ በተራው መፈተሽ ነበረበት። ከዚህ ትምህርት በመነሣት የሳይንሳዊ ስሌት ማኅበረሰቡ ደንብ አውጥቷል። የነምፓይ ፕሮጀክት «ኔፕ 29» በተባለው ሰነድ፣ አዲስ እትም ከመውጣቱ በፊት ባሉት 42 ወራት ውስጥ የወጡትን የፓይተን ስሪቶች መደገፍን ሐሳብ አቀረበ። በኋላ የመጣው «ስፔክ 0» ደግሞ አንድ ስሪት ከወጣ ከ3 ዓመት በኋላ ሊተው ይችላል ይላል። ደንብ መኖሩ ጥሩ ነው፤ በየጊዜው ከመከራከር ያድናል።

ነገር ግን ደንቡን እንዳለ ቀድተን ከመለጠፋችን በፊት ሶፍትዌሩ የሚኖርበትን ቤት ማየት አለብን። ከፓይተን 3.9 ጀምሮ ያሉት ስሪቶች ዊንዶውስ 7 ላይ አይጫኑም፤ ለዚያ ሥርዓተ ክወና የመጨረሻው 3.8 ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 7ን የተራዘመ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ቢያበቃም፣ በዚያን ጊዜ ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹ የሚሠሩባቸው የቤተ ሙከራ ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 7 ነበሩ። እኔ በቢሮዬ ተቀምጬ «ዝቅተኛው 3.9 ነው» ብዬ ብጽፍ፣ ላፕቶፕ የሌለውን ተማሪ በአንዲት መስመር ከትምህርቱ አስወጣሁት ማለት ነው። ለዚያውም ለምን? ከቃል ፊት ቅጥያ የሚያነሣ አንድ አዲስ ተግባር በ3.9 ስለተጨመረና ኮዱን በሁለት መስመር ስለሚያሳጥርልኝ ነው። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ሁለተኛው ወገንም ዋጋ ያስከፍላል። ድጋፉ ያበቃ ስሪት የደኅንነት ጥገና አያገኝም። ከ3.9 ወዲህ ፓይተን በየዓመቱ በጥቅምት አዲስ ስሪት ያወጣል፤ እያንዳንዱም ለ5 ዓመት ያህል ይደገፋል። የ3.8 ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 አብቅቷል። ደግሞም ወለሉ ዝቅ ባለ ቁጥር የሚፈተሸው ይበዛል። አንድ ሙሉ ፍተሻ 6 ደቂቃ ይወስዳል እንበል። አምስት ስሪቶችን በሁለት ሥርዓተ ክወና ብንፈትሽ 10 ዙር፣ ማለትም 60 ደቂቃ ይሆናል። መብራት በሚቋረጥበትና ኢንተርኔት በሚዘገይበት ቤተ ሙከራ 60 ደቂቃ የሚፈጅ ፍተሻ በተግባር የማይካሄድ ፍተሻ ነው። በሁለቱ ጫፎች ማለትም በዝቅተኛውና በከፍተኛው ስሪት ላይ ብቻ ብናካሂድ ግን 4 ዙር ወይም 24 ደቂቃ ይበቃናል። ሙሉውን ደግሞ እትም ከማውጣታችን በፊት እናካሂዳለን።

እኛ ምን አደረግን?

ወደ ተማሪዬ ጉዳይ ልመለስ። ሦስት መንገዶች ነበሩኝ።

የመጀመሪያው ወለሉን ወደ 3.11 ማንሣት ነው። ችግሩ ይጠፋል፤ ነገር ግን ሰርቨሩም፣ የዊንዶውስ 7 ኮምፒውተሮቹም ከወለሉ በታች ይቀራሉ።

ሁለተኛው በአሮጌ ስሪቶች ላይ ያንን ፍተሻ መዝለል ነው። መሣሪያዎቹ ይህን በአንድ መስመር ያስችላሉ፤ ምልክቱም አረንጓዴ ይሆናል። ይህን ለመሥራት እጄን ዘርግቼ እንደነበር አልሸሽግም። ሆኖም የተዘለለ ፍተሻ ያለፈ ፍተሻ አይደለም። ብዘለው ኖሮ ሶፍትዌሩ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ የጉራጊኛን ቃላት መቁረጡን ይቀጥል ነበር፤ ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ማንም አለማየቱ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጥገኝነቱን ማስወገድ ነው። የምንፈልጋቸው ፊደላት የትኞቹ እንደሆኑ እናውቃለን፤ ቁጥራቸውም 28 ነው። ስለዚህ ቋንቋውን «ይህ ፊደል ነውን?» ብለን ከመጠየቅ ይልቅ የፊደላቱን ዝርዝር በራሳችን ኮድ ውስጥ ጻፍን። ከዚያ በኋላ ያው ፍተሻ በ3.8ም፣ በ3.10ም፣ በ3.11ም አለፈ።

የመረጥነው ሦስተኛውን ነው። የትምህርቱን የጋራ ላይብረሪ ዝቅተኛ ስሪት 3.8 አደረግን፤ ምክንያቱም ተማሪው በእርግጥ የሚጠቀምበት ከሁሉም ያረጀ ኮምፒውተር የሚቀበለው የመጨረሻ ስሪት እርሱ ነበር፤ የምንጽፋቸውም የአሲንክሮነስ ፍተሻዎች ከዚያ በታች መውረድ አይችሉም ነበር። ወለሉ ከላይም ከታችም በምክንያት ተያዘ ማለት ነው። ከቁጥሩ ጎን ምክንያቱንና እንደገና የምንመረምርበትን ቀን ጻፍን፤ «እስከ ጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ.» ይላል። ቀኑ ሲደርስ በአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክስ ጭነን ስለነበር ወለሉን ያለ ጭንቀት ወደ 3.10 አነሣነው።

ወለል ማንሣት ሰውን ሁልጊዜ ሜዳ ላይ መጣል እንዳልሆነም ልብ በሉ። ፒፕ እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው 9.0 ጀምሮ በጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ስሪት ያነባል፤ አሮጌ ፓይተን ላለው ሰው ሊሠራለት የሚችለውን የቀድሞውን እትም ፈልጎ ይጭንለታል። ይህ የሚሆነው ግን ቁጥሩን በእውነት ከጻፍነው ነው። ካልጻፍነው፣ ወይም ያልፈተሽነውን ከጻፍን፣ ሰውየው አዲሱን እትም ይጭንና በመካከል ይሰበርበታል።

ለተማሪዎቼ የምሰጠው ሥርዓት

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የመመረቂያ ፕሮጀክት ወደ እኔ ሲቀርብ አራት ጥያቄዎችን እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ተጠቃሚው በእጁ ያለው ኮምፒውተር የትኛውን ስሪት ይቀበላል? ይህን በግምት ሳይሆን ሄዳችሁ አይታችሁ መልሱ። ሁለተኛ፣ የፍተሻ መሣሪያዎቻችሁ ከየትኛው ስሪት በታች አይሠሩም? ሦስተኛ፣ የመረጣችሁት ስሪት የደኅንነት ድጋፍ መቼ ያበቃል? ያ ቀን የውሳኔያችሁም ማብቂያ ቀን ይሁን። አራተኛ፣ ያለ ስሕተት መልእክት ውጤቱን የሚለውጥ ምን ነገር አለ? በኮዳችሁ ውስጥ የፊደል ዓይነት፣ የቀን አቆጣጠር፣ ቅደም ተከተል የሚጠይቅ ቦታ ካለ በሁለቱ ጫፎች ላይ ፈትሹት።

መልሶቹ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ምን ይደረጋል? የመጀመሪያውና የሁለተኛው ሲጋጩ በቅድሚያ የፍተሻ መሣሪያውን አሮጌ እትም ያዙ፤ መሣሪያው የእናንተ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን የተጠቃሚው ነው። የመጀመሪያውና የሦስተኛው ሲጋጩ ግን ጉዳዩ ከኮድ ያለፈ ነው። ሶፍትዌሩ የሰው ምስጢር፣ ገንዘብ ወይም የጤና መረጃ የሚይዝ ከሆነ ለደኅንነቱ አድሉ፤ ተጠቃሚው ኮምፒውተሩን የሚያድስበትን መንገድም አብራችሁ ፈልጉ። ቃላት የሚቆጥር የቤት ሥራ ከሆነ ጥቂት መታገሥ ይቻላል።

ንግግሬን ላጠቃልል። የተማሪዬን ውጤት ለማስተካከል የውጤት ማሻሻያ ቅጽ ሞላሁ። ቅጹ «የማሻሻያው ምክንያት» የሚል ክፍት ቦታ አለው፤ እዚያ ላይ «የመምህሩ ስሕተት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያም የዚያን ዓመት ሥራዎች በሙሉ በሁለት ስሪቶች ላይ እንደገና አስኬድኳቸው። በዚያው ምክንያት ነጥብ ያጡ ሌሎች ሁለት ተማሪዎች ተገኙ። ሁለቱም አቤት ብለው አያውቁም ነበር። ሰርቨሩ ተሳስተዋል ስላላቸው የተሳሳቱ መስሏቸው ዝም ብለው ነበር።

እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ የእነዚህ የሁለቱ ዝምታ ነው። ፍተሻ የምናካሂደው ማሽኑን ለማመን ምክንያት እንዲኖረን ነው። ፍተሻው ራሱ በምን ላይ እንደቆመ ካልተናገርን፣ ተማሪው በራሱ ላይ ያለውን እምነት ነው የምናፈርሰው። ስለዚህ ያቺን አንድ መስመር ስትጽፉ ከመስመሯ ወዲያ ማን እንዳለ አስቡ፤ ከዚያም ወርዳችሁ በዚያ ስሪት ላይ ፈትሹ።